በአንድ ፋይል የሚያድር ዳታቤዝ

ብቻውን እየሠራ ብዙ መረጃ የሚያከማች ሰው ከኤስኪውላይት የተሻለ መነሻ አያገኝም። ሪቻርድ ሂፕ ይህን ሶፍትዌር በ2000 እ.ኤ.አ. የጀመረው ለአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ በሚውል ሥራ ላይ ሳለ ነው፤ የፈለገውም ያለ ሰርቨርና ያለ አስተዳዳሪ የሚሠራ ዳታቤዝ ነበር። ዛሬ በየስማርት ስልኩ ውስጥ አለ፤ ኮዱም የማንም ንብረት ሳይሆን ለሕዝብ የተለቀቀ ነው።

የኤክሴል ሉህ 1,048,576 ረድፍ ላይ ያበቃል። የኤስኪውላይት ጣሪያ ግን 281 ቴራባይት ገደማ ስለሆነ፣ የግል ኮምፒውተር ዲስክ ቀድሞ ይሞላል። ሠንጠረዡም ማውጫውም (ኢንዴክሱም) የሚቀመጡት በአንድ ፋይል ነው። በጽሕፈት መካከል መብራት ቢጠፋ፣ ያልተጠናቀቀው ለውጥ ፋይሉ እንደገና ሲከፈት ይሰረዛል፤ የቀድሞው መረጃ እንዳለ ይቆያል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ታላቅ ጸጋ ነው።

ፍጥነቱ ግን በአያያዝ ይወሰናል። እያንዳንዱ ረድፍ ለብቻው ሲጸና ፕሮግራሙ በየጊዜው ዲስኩን ይጠብቃል፤ ሚሊዮን ረድፍ በአንድ ግብይት (ትራንዛክሽን) ሲገባ ግን ጥበቃው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ማውጫ በተሠራለት ዓምድ ሲፈለግም ሠንጠረዡን ሁሉ ማንበብ አያስፈልግም።

በኤስኪውላይት በአንድ ጊዜ የሚጽፈው አንድ ብቻ መሆኑ ለብቸኛ ተጠቃሚ ጉዳት የለውም፤ ብዙ ጸሐፊዎች ሲመጡ ፖስትግሬስ የተባለው በሰርቨር የሚሠራ ዳታቤዝ ይሻላል። ሥራው በአብዛኛው ድምርና አማካይ ከሆነ ደግሞ በአምስተርዳም የምርምር ተቋም የተወለደው ዳክዲቢ የተባለ ዳታቤዝ ይመረጣል፤ መረጃን በዓምድ ስለሚያስቀምጥ የተጠየቀውን ዓምድ ብቻ ያነባል።