የሠንጠረዥ ሥርዓትና የርዳታ አጠያየቅ

ሃድሊ ዊካም በ2014 እ.ኤ.አ. «ታይዲ ዳታ» በሚል ርእስ «ጆርናል ኦፍ ስታቲስቲካል ሶፍትዌር» ላይ ያወጣው ጽሑፍ፥ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ የሚሠራ ተማሪ ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነው። እያንዳንዱ ተለዋዋጭ በአንድ ዓምድ፥ እያንዳንዱ ምልከታ በአንድ ረድፍ፥ እያንዳንዱ የምልከታ ዓይነት በአንድ ሠንጠረዥ ይቀመጥ ይላል።

ካቀረባቸው ምሳሌዎች አንዱ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ መዝገብ ነው። በዚያ «ኤም014» የሚል የዓምድ ስም ጾታንና ዕድሜን፥ ማለት ወንድና ከ0 እስከ 14 ዓመት፥ ባንድነት ተሸክሞ ይገኛል። ደራሲው ይህን የመሰለውን ጉድለት በ5 ዓይነት መድቦ ስላሳየ፥ ርዳታ ፈላጊው «ፕሮግራሙ እንቢ አለኝ» ከማለት ፈንታ ችግሩን በስሙ ለመጥራት ይችላል። የጽሑፉ ትልቁ ውለታ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ የሠንጠረዡን ቅርጽ እንጂ የተጻፈውን ነገር ትርጉም አይመረምርም። በአንድ የአገራችን መዝገብ «2012-02-30» ተብሎ ቢገኝ ጥቅምት 30 ቀን ነው፤ አር ግን በፈረንጆች ሁለተኛ ወር 30ኛ ቀን ስለሌለ ባዶ ያደርገዋል። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ናትና እንዲሁ ትጠፋለች። ከዚህ የሚብሰው ግን ሳይጠፋ የሚቀረው ነው። መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በፈረንጆች ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ሲሆን፥ «2012-01-01» ተብሎ ሲገባ ኮምፒዩተሩ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ጃንዩዋሪ 1 ቀን 2012 አድርጎ ይቀበለዋል።

እንግዲህ ተማሪው «ባዶ ቀኖች መጡብኝ» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ፥ ከሩቅ ያለው ረዳት «ባዶ ያለበትን ረድፍ ሰርዝ» ይለዋል። ምክሩ ፕሮግራሙን ያስኬዳል፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት በጥቅምት 30ና በ5ቱ የጳጉሜ ቀናት የታከመ በሽተኛ ሁሉ ከቍጥር ይወጣል፤ የቀሩትም በተሳሳተ ዓመት ይቈጠራሉ።

ስለዚህ ጠያቂው ጥቂት ረድፎችን ገልብጦ፥ የሚፈልገውን ውጤት በእጁ ጽፎ፥ መዝገቡ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ተያዘ ገልጾ ማቅረብ ይገባዋል። መላሹም መፍትሔ ከመስጠቱ በፊት «ባዶ የሆኑት የትኞቹ ናቸው?» ብሎ ይጠይቅ። የዊካም ሕግ ሠንጠረዡን ያቃናል፤ የመዝገቡን ቋንቋ የሚያውቀው ግን መዝገቡን የያዘው ሰው ነው።