ቀኝ ሲመራ ግራ ሲቀበል

ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው የ40 ቀኑ ዘመነ ጽጌ ያልቅና በማግሥቱ ይህ በዓል ይውላል። ጎንደር ላይ በዓሉን የሚሻ ሰው ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምዕራብ ወዳለው ኮረብታ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዳሳነጹት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም፣ በሌሊት መውጣት አለበት። እኔም ከዓመታት በፊት ጋቢዬን ተከናንቤ ወጥቼ ነበር። የሄድኩት ለመሳለም ነው፤ የተመለስኩት ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ነው።

ስለ ልቦለድና ስለ ቴያትር ሂስ እንጽፋለን። ስለ ማሕሌት ግን «ደመቀ» ወይም «ቀዘቀዘ» ከማለት በቀር የምንለው የለንም። ለምን ይሆን? ጸሎት ስለሆነ ነው የሚሉኝ አሉ። ጸሎትነቱን ማን ይክዳል! ነገር ግን ይህ ጸሎት የሚቀርበው በዜማ ነው፤ ዜማውም ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱ ሲጎድል ከሁሉ በፊት የሚያዝኑት ሊቃውንቱ ራሳቸው ናቸው።

ሥርዓቱን ባጭሩ ልግለጽ። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል። ዜማው መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፣ የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ቀጥሎ ዝማሜው ይመጣል፤ መቋሚያው ከሰውነት ጋር ይወዛወዛል። በመረግዱ ከበሮው ረጋ ብሎ ይገባል፣ ጸናጽሉም ያጅበዋል። በጽፋቱ ምቱ ይፈጥናል። ያው አንዱ ቃል ነው እንግዲህ፣ ከዝግታ ተነሥቶ እስከ ሙሉ ደስታ የሚያድገው።

ያን ሌሊት የማረከኝ ጽፋቱ አልነበረም፤ ቁሙ ነው። በግራ በኩል አንድ ሽማግሌ ሊቅ ቃሉን ሲቀበሉ ድምፃቸው ቀጭንና ሻካራ ነበር። ሆኖም እያንዳንዷን እጥፋት ሳይቸኩሉ ሲያወጧት በቀኝ የቆሙት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጧቸው ነበር። በኋላ ከበሮው ሲገባ መሬቱ የተነቃነቀ የመሰለኝ ያ ዝግታ ስለቀደመው ነው።

ቁስቋም በታነጸችበት ዘመን በአውሮፓ ዛሬ ባሮክ የሚባለው ሙዚቃ የገነነበት ጊዜ ነበር፤ ባክ በላይፕሲግ፣ ሄንደል በለንደን ይሠሩ ነበር። ሄንደል የሞተው እ.ኤ.አ. በ1759 ነው። በ1784 እሱን ለመዘከር በዌስትሚንስተር ከ500 በላይ ተጫዋቾችና ዘማሪዎች ተሰበሰቡ። በ1859 ሙት ዓመቱ ለመቶኛ ጊዜ ሲታሰብ ለንደን ላይ የዘማሪው ቁጥር ብቻ ከ2000 አለፈ። አክብሮቱ በብዛትና በድምፅ ጉልበት ተለካ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሌሎች ሙዚቀኞች ተነሥተው፣ ይህ ሁሉ ጩኸት ሙዚቃውን ሸፍኖታል አሉ፤ ወደ ጥቂት ድምፅ፣ እንደ በገናችን ከአንጀት ወደተሠራ አውታር ተመለሱ። የአጨዋወቱ ልማድ ተቋርጦ ስለነበር የጠፋውን ከአሮጌ ወረቀትና ከአሮጌ መሣሪያ ላይ መፈለግ ነበረባቸው።

የእኛ አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ነደደች፤ ዜማው ግን ተረፈ፣ በሰው ውስጥ ነበርና። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያበጁት ምልክት የድምፁን አካሄድ ይጠቁማል። የከበሮውን ክብደትና የእግሩን ልክ ግን ተማሪው ከመምህሩ አጠገብ ቆሞ ካላየ ከየትም አያገኘውም። የአቋቋም ማስመስከሪያ የሆነው ጎንደር በአታ የሚኖረውም በዚሁ መንገድ ነው።

ሥጋቴ ከዚህ ይነሣል። በሌላ ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው ደብር፣ የድምፅ ማጉያው ከአንድ መሪ አፍ ሥር ተተክሎ አደረ። የቀኙ ይጮኻል፣ የግራው የለም። ቁሙም እንደ ጽፋቱ ገና ከመነሻው ሰማይ ጠቀስ ሆነ፤ ከበሮው ሲገባ የሚጨምረው ነገር ጠፋ። ጀማሪዎቹ ተማሪዎችም ጆሯቸው ወደ ማጉያው እንጂ ወደ ጎረቤታቸው አልነበረም።

አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ፣ ደጅ የቀረች አሮጊት በቤታቸው ሆነው ይስሙ እንጂ የሚለው ምክንያት የሚናቅ አይደለም። የሚሰሙት ግን የአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ ማሕሌት ደግሞ የአንድ ሰው አይደለም። ማጉያው ለስብከቱና ለማስታወቂያው ይቆይ። ማሕሌቱም ላይ መኖሩ ግድ ከሆነ፣ ቢያንስ በቁሙ ጊዜ ይጠፋ።

እኚያ ሽማግሌ ዛሬ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ያን ሌሊት በቀኙ መሪ አፍ ሥር ማጉያ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ ግን አጠገባቸው ቆሜም አልሰማቸውም ነበር።