«በየስድስት ወሩ» የሚለው ምክርና የጉንችሬ ታካሚ

እንደሚታወቀው የአፍ ጤና ትምህርት በሚሰጥበት ስፍራ ሁሉ «ጥርስዎን በየስድስት ወሩ በሐኪም ያስመርምሩ» የሚል ምክር አይጠፋም። ምክሩ ከፖስተር ወደ በራሪ ወረቀት፣ ከበራሪ ወረቀትም ወደ ባለሙያው አንደበት ሲሸጋገር ኖሯል። ዓላማው በጎ መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም በጉራጌ ዞን የእነሞርና ኤነር ወረዳ ማዕከል በሆነችው በጉንችሬ ዙሪያ ለምትኖር እናት ሲነገር ምን ፋይዳ እንዳለው ሊመረመር ይገባል።

በቅድሚያ የምክሩን እውነት መቀበል ተገቢ ነው። የጥርስ መቦርቦር ሲጀምር አያምም። የመጀመሪያ ምልክቱ ብዙ ጊዜ በድድ ጠርዝ አካባቢ የሚታይ ነጭ ነጥብ ሲሆን፣ በዚህ ደረጃ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በመቦረሽና ጣፋጭ በመቀነስ ሊገታ ይችላል። ጠንከር ያለ ሕመም የሚሰማው ጉዳቱ ወደ ነርቩ ሲቃረብ ነው። የድድ በሽታም እንዲሁ ያለ ብዙ ሕመም ጥርስን የሚደግፈውን አጥንት ይበላል። ስለዚህ ሕመም እስኪሰማው ጠብቆ የሚመጣ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ የዘገየ ታካሚ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በአፍ በሽታዎች የሚጠቁ ሰዎች ወደ 3.5 ቢሊዮን እንደሚደርሱ መገመቱ የችግሩን ስፋት ያሳያል።

የምክሩ የመጀመሪያ ድክመት ቁጥሩ ነው። ኮክሬን የተሰኘው የጥናቶች ግምገማ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳመለከተው፣ በመደበኛነት የሚመረመሩ አዋቂዎች በየ6 ወሩ ቢታዩም ሆነ እንደ ተጋላጭነታቸው በተወሰነላቸው ጊዜ ቢታዩ፣ ከ4 ዓመት በኋላ በጥርስ መቦርቦርና በድድ መድማት ረገድ የጎላ ልዩነት አልታየም። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው መመሪያ ለልጆች ከ3 እስከ 12 ወር፣ ለአዋቂዎች ከ3 እስከ 24 ወር የሚደርስ ጊዜ ፈቅዷል። ይህ ግን ምርመራ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጥናቱ የተካሄደው አስቀድሞ መርማሪ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ትምህርቱ የቀጠሮው ርዝመት በተጋላጭነት ይወሰን የሚል ነው፤ የስኳር ሕመምተኛው፣ ሲጋራ አጫሹ፣ ጥርሱ ቀድሞ የተቦረቦረው ልጅ ቶሎ ቶሎ ይታዩ፤ ጤናማው አዋቂ ይዘግይ።

ሁለተኛው ድክመት «በሐኪም» የሚለው ቃል ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ16 ፓኬጆች ሲዋቀር የአፍ ጤና ራሱን የቻለ ፓኬጅ አልነበረም። ከጉንችሬ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ደግሞ የመጓጓዣ ወጪና የሥራ ቀን ይጠይቃል። ሳያማት ይህን ወጪ የምታወጣ እናት ብዙ አትሆንም። ያም ሆኖ ያቺው እናት ልጇን ለክትባት ታመጣለች፣ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ትመጣለች። የሕፃኑን ከንፈር ከፍ አድርጎ የፊት ጥርሶቹን መመልከት፣ ነፍሰ ጡሯን ድዷ ይደማ እንደሆነ መጠየቅ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስልን ለይቶ ወደሚቀጥለው ተቋም መላክ የጥርስ ወንበር አይጠይቅም። በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን የወተት ጥርስ የማስነቀል ጎጂ ልማድ አስቀድሞ ለመከላከልም ይኸው አጋጣሚ ይጠቅማል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ድክመት ምክሩ ጥፋቱን ወደ ታካሚው ማዞሩ ነው። ፊቱ አብጦ የመጣ ሰው «ቀድመህ ብትመጣ ኖሮ» ይባላል፤ ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ይዞም ይመለሳል። መድኃኒቱ እብጠቱን ለጊዜው ቢቀንስም ምንጩ የሆነው ጥርስ ካልታከመ ወይም ካልተነቀለ መግሉ ተመልሶ ይመጣል። ኢንፌክሽኑ ወደ አንገት ሲወርድም የአየር መተላለፊያን ሊዘጋና ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። እንግዲህ ሊፈጸም የማይችል ምክር የሰጠ ባለሙያ ግዴታውን ተወጥቷል ማለት ያዳግታል።

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 የአፍ ጤናን የሚመለከት ውሳኔ አሳልፏል። በዚያው ዓመት ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድና ግላስ አዮኖመር በድርጅቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ሁለቱ የኋለኞቹ ያለ መሰርሰሪያ ማሽን ሊሠራባቸው የሚችል በመሆኑ ሕክምናውን ወደ ገጠር ለማቅረብ ያግዛሉ።

የምርመራው ቀንም ሕዝቡ ከሚያውቀው ዘመን መቆጠሪያ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ጉራጌ በመስቀልና በአረፋ ከያለበት ወደ አገር ቤቱ ይመለሳል፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛሉ። «ከመስቀል መልስ» ወይም «ከአረፋ በኋላ» የተባለ ዓመታዊ ቀጠሮ «ከስድስት ወር በኋላ» ከተባለው ይልቅ ይታወሳል። ስለዚህ መደበኛ ምርመራ ያስፈልጋል የሚለው መልእክት ይቀጥል፤ ነገር ግን ማን፣ የት፣ በየስንት ጊዜ እንደሚመረምር፣ ችግር ሲገኝም ታካሚው ወዴት እንደሚሄድ አብሮ ይነገር። ይህን የማይመልስ ፖስተር ግድግዳ ከማስጌጥ አያልፍም።