ከመርዙ በፊት መጨበጡ

መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ የባክቴሪያ ፈሳሽ፣ አጠገቡ አንድ ጠብታ የጊኒ ፒግ ቀይ የደም ሴል። ባለሙያዋ ሁለቱን አደባልቃ መስታወቱን ቀስ እያለች ታወዛውዛለች። ወጥ የነበረው ቀይ ፈሳሽ ብዙም ሳይቆይ አሸዋ አሸዋ ይላል።

“ያዘ” ትላለች።

የያዘው ፊምብሪያ ነው፤ ከባክቴሪያው ገላ እንደ ጠጉር የሚወጣ፣ ውፍረቱ 7 ናኖሜትር ገደማ የሆነ የፕሮቲን ክር። ጄምስ ዱጊድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1955 ስሙን ሲያወጡለት ከዚሁ ደም የማጣበቅ ጠባዩ ጋር አያይዘው ነበር። በተለመደው ዓይነት ፊምብሪያ ጫፍ ላይ ፊም ኤች የተባለ ፕሮቲን አለ፤ የሚጨብጠውም በሴሎች ገጽ ላይ ያለውን ማኖስ የተባለ ስኳር ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ ሁለተኛ መስታወት ታዘጋጅና ማኖስ ትጨምርበታለች። መጨበጫው በዚያ ስኳር ስለሚያዝ ደሙ እንደነበረ ይቀራል።

ፈተናው ቀላል ይመስላል፤ ጣጣው ያለው ባክቴሪያውን ማሳደጉ ላይ ነው። ያው ኢ. ኮላይ ሳይነቀነቅ በፈሳሽ ምግብ ውስጥ ሁለት ቀን ሲያድር ፊምብሪያ ያበቅላል፤ በአጋር ላይ ደጋግሞ ሲዘራ ግን አብዛኛው ራቁቱን ይቀራል። ችኩል ሰው ይህን አይቶ “የለውም” ብሎ ይጽፋል።

መጨበጡ ምን ያህል እንደሚወስን ያሳዩት የአሳማ ግልገሎች ናቸው። አንጀት ያለማቋረጥ እየገፋ ያጥባል፤ ያልተጣበቀ ባክቴሪያ ተጠርጎ ይሄዳል። ስሚዝና ሊንጉድ እ.ኤ.አ. በ1971 ኬ88 የተባለውን ፊምብሪያ ያጣው ኢ. ኮላይ መርዙ እያለው እንኳ ግልገሎቹን በተቅማጥ የመጣል አቅሙ እንደሚከዳው አሳዩ። በ1975 ደግሞ ሴልዉድና ባልደረቦቹ የአሳማ አንጀት ፍቀው የሴሎቹን ገጽ ከባክቴሪያው ጋር አገናኙ። በአንዳንዶቹ ላይ ባክቴሪያው እንደ ጭጎጎት ተጣበቀ፤ በሌሎቹ ላይ ዝር አላለም። ልዩነቱ በዘር የሚወረስ ነበር፤ የሚጨበጠው ነገር የሌላቸው አሳማዎች በሽታውን ይቋቋሙታል።

ከዚህ የተገኘው መላ እናቲቱን መከተብ ነው። በኬ88 የተከተበች አሳማ ፀረ እንግዳ አካላቱን በእንገሯ ታስተላልፋለች፤ ግልገሉ ሲጠባ በአንጀቱ ውስጥ ያለው የባክቴሪያው መጨበጫ ይሸፈናል።

ኬ88 በ37 ዲግሪ ይበቅላል፤ በ18 ዲግሪ ግን አይወጣም። ባለሙያዋ ማታ ከመውጣቷ በፊት የኢንኩቤተሩን ቁጥር ጎንበስ ብላ ታያለች።