ባለ 98ቷ ተርብ

ቬስፓ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ከፒያጆ ፋብሪካ የወጣችው የመጀመሪያዋ ቬስፓ ስኩተር በወረቀት ላይ ስትታይ ታሳዝናለች፦ 98 ሲሲ ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ከ3 ፈረስ ጉልበት እምብዛም ያልዘለለ አቅም፣ 3 ማርሽ፣ ቢበዛ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር።

ውበቷ ያለው አሠራሯ ላይ ነው። ንድፉን ያወጣው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ብስክሌት ደግሞ አይወድም ነበር። ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማው ሲተነፍስ መቀየሩ መከራ ነው ባይ ነበር። ስለዚህ ሞተሩን ከኋላው ጎማ ጎን አስቀምጦ ካቴናውን ጨርሶ አስቀረው። የፊቱን ጎማ እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ጎን ክንድ ብቻ ያዘው፤ ሲፈታ እንደ መኪና ጎማ በጎን ይወጣል። ማርሹንና ፍሪሲዮኑን ለግራ እጅ ሰጠ። ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ የተጠማዘዘው ላሜራ ሥጋዋም አጥንቷም እሱው ነው። (ፍሪሲዮን፣ ካቴና፣ ላሜራ፦ የጋራዦቻችን ቃላት ከጣሊያን የመጡ በመሆናቸው እሷን በአማርኛ ማውራት አይከብድም።)

ሞተሯ በቀኝ ጎን በመሆኑ ክብደቷ ወደዚያው ያደላል። እሱን ግን ይቅር ብያታለሁ።