ጥሩ ዲቪዲ እንዲህ ነው

የጎንደር ልጅ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974 እ.ኤ.አ. በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር ቀረጸው። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ይህ ፊልም ጥሩ ዲቪዲ ምን እንደሆነ የሚያሳይ ነው። ገበሬው ዳገቱን ሲወጣ ካሜራው ከሩቅ ሆኖ፣ ሳይቸኩል ይከተለዋል። በደበዘዘ ቅጂ ሰውየው ከመሬቱ ጋር ይደባለቃል። በጣሊያን ቦሎኛ ከታደሰው ቅጂ የሚሠራ ዲቪዲ ግን ፊቱን፣ የልብሱን እጥፋት፣ የእርሻውን ትልም ለይቶ ያሳያል። ድምፁንም አደራ! በሬ የሚነዳበት ጩኸት ከተዋጠ ግማሹ ፊልም ሄደ ማለት ነው። የግርጌ ጽሑፉም አጭርና ታማኝ ይሁን፤ የባላገሩን አነጋገር አለሳልሶ የባለሥልጣን ቋንቋ ካደረገው በደል ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ፊልሙ በሠሪው እጅ መቆየቱን ነው። ኃይሌና ባለቤቱ ሽርክያና አይና ዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የተባለ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር አላቸው፤ ፊልሞቻቸውንም የሚያከፋፍሉት ራሳቸው ናቸው። የኃይሌን ሌላ ፊልም «ጤዛ»ን ያየ የጎንደር ወጣት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ንም በጥራት ሊያየው ይገባል፤ ቢቻል ኃይሌ ራሱ በአማርኛ እየተረከ፣ እያንዳንዱን ትዕይንት እንዴት እንደቀረጸው እያስረዳው።