ከ“ጓ!” በፊት ያለው ዝምታ

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወር በፊት እህቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩላችሁ። አቦሉ አልቆ ቶናው ሊቀዳ ሲል የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ ከጓዳ ብቅ አለና፣ “ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይህ፤ ግን እንዳታባብለኝ፣ እውነቱን ንገረኝ” አለኝ።

ልጁ ፊልም ይማራል። የቤት ሥራው የአስፈሪ ፊልም ትሬለር መሥራት ነው፤ አስተማሪው የሚያርመው የዘውጉን ልማዶች በሚገባ መጠቀም አለመጠቀማቸውን እያየ ነው አሉ። ልብ አድርጉልኝ፣ ፊልሙ የለም፤ ትሬለሩ ብቻ! “ፊልም የሌለው ትሬለር ደግሞ ምን የሚሉት ነው?” ብለው፣ “ጋሼ፣ ከትሬለሩ ሌላ ምንም የሌለው ስንት ፊልም አለ አይደል እንዴ?” ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ከፈተው። ጥቁር ስክሪን። የፒያኖ ድምፅ፣ አንድ፣ ቆይቶ ደግሞ አንድ። ትልቅ የእንጨት ቤት። በሩ ሲጥጥጥ ይላል። ሴት ልጅ ሻማ ይዛ ደረጃ ትወጣለች፤ መስታወት ፊት ትቆማለች፤ ከሩቅ ሕፃን ያንጎራጉራል። ከዚያ ዝም… ዝም… “ጓ!” መስታወቱ ውስጥ የሌላ ሰው ፊት! ጥቁር ስክሪን፤ በነጭ ፊደል “በቅርብ ቀን”።

ደነገጥኩ ወይ? በደንብ ነዋ! ሲኒዬን ልደፋው ምንም አልቀረኝም። ፈራሁ ወይ? ኧረ አልፈራሁም። የደነገጠ ሰው ወዲያው ይስቃል፤ የፈራ ሰው ግን ነገሩን ቤቱ ድረስ ይዞት ይሄዳል። እኔ ደግሞ ስቄ ሲኒዬን አስቀዳሁ።

እንግዲህ ልማድን መጠቀም በራሱ ጥፋት አይደለም። አያቶቻችን “ተረት ተረት” ሲሉን “የላም በረት” እያልን ስንመልስ ውል እየተዋዋልን ነበር። ከዚያ በኋላ ጅቡ ቢናገር “ጅብ አፍ አለው ወይ?” ብሎ የሚሟገት የለም። በ1990ዎቹ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ ይሰቀል ነበር፤ “ሆረር” የምትለዋ አንዲት ቃል ለእኛ ትሬለራችን ነበረች። ዛሬም በር ሲጥ ሲል ተመልካቹ “ገባኝ፣ ልታስፈራሩኝ ነው” ይላል። አብዛኛው ትሬለር ከሁለት ደቂቃ ተኩል አይበልጥምና፣ ውሉን ቶሎ መዋዋል አለበት። ልማድ የሚያገለግለው ለዚህ ነው።

“ጓ!” ራሷም ታሪክ ያላት ናት። እ.ኤ.አ. በ1942 ዣክ ቱርነር ባዘጋጀውና ቫል ሉተን ፕሮዲዩስ ባደረገው “ካት ፒፕል” ፊልም፣ አንዲት ሴት በጨለማ መንገድ ብቻዋን ትሄዳለች። ከኋላዋ የሌላ ሴት ጫማ ቀጭ ቀጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ የኋለኛው ኮቴ ይጠፋል። ተመልካቹ አውሬ ሲጠብቅ አንድ ነገር “ጭስስ!” ብሎ ይደርሳል… አውቶቡስ ነው! ሰው ከወንበሩ ይዘላል። ከዚያ ወዲህ ይህች ብልሃት በሙያው ሰዎች ዘንድ “የሉተን አውቶቡስ” ትባላለች። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ተከታዮቹ አውቶቡሱን ወሰዱ፤ መንገዱን ተዉት። ያስፈራው ግን መንገዱ ነበር።

ልማዶቹ ብቻቸውን ምን ያህል ባዶ እንደሆኑ ማየት የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2005 የተሠራውን ቀልድ ይመልከት። ሮበርት ራያንግ የሚባል የኒውዮርክ ረዳት ኤዲተር የስታንሊ ኩብሪክን “ዘ ሻይኒንግ” ወስዶ፣ ከዚያ ሁሉ ሽብር ውስጥ ረጋ ያሉትን ምስሎች ለቀመና ደስ የሚል ሙዚቃ፣ ሞቅ ያለ የተራኪ ድምፅ ጨመረበት። ምን ሆነ? አንድ አባትና አንድ ልጅ ተፈላልገው የሚገናኙበት ጣፋጭ የቤተሰብ ፊልም! በዓመቱ ደግሞ ሌላ ሰው የልጆች ፊልም የሆነችውን የ1964ቷን “ሜሪ ፖፒንስ” ሆረር አደረጋት። ከሳቁ በኋላ ግን ማሰብ ነው። ያው ሙዚቃና ያው “ጓ!” ለሜሪ ፖፒንስም ከሠራ፣ እኛን የሚያስደነግጠን ማሸጊያው ነው ማለት ነው። ውስጡ ያለውን ማን አየው?

የ“ዘ ሻይኒንግ” የራሱ የ1980 ትሬለር እኮ እንዲህ አልነበረም። አንድ ቦታ፣ አንድ እይታ ብቻ። የሆቴል ኮሪደርና ሁለት የሊፍት በሮች። የሠሪዎቹ ስም ቀስ እያለ ወደ ላይ ያልፋል። ከዚያ ከሊፍቱ ደም ይፈስሳል፤ ወንበሩን እያንሳፈፈ ካሜራው ላይ እስኪደርስ። ሰው የለም፣ ንግግር የለም፣ ታሪኩም አልተነገረም። ደም የዘውጉ ልማድ ነው፤ የማን ደም እንደሆነ አለመናገር ግን የኩብሪክ ነው።

ሂችኮክማ እ.ኤ.አ. በ1960 ለ“ሳይኮ” ስድስት ደቂቃ ያለፈ ትሬለር ሲሠራ እንደ ቤት ደላላ ነው የሆነው። ሞቴሉንና ቤቱን እየዞረ ያስጎበኛል፤ “እዚህ ጋ ነው እንግዲህ…” ይልና ሳይጨርሰው ያልፋል፤ የቀረውን ለእናንተ ይተዋል። በመጨረሻ የሻወሩን መጋረጃ ገለጥ ሲያደርግ አንዲት ሴት ትጮኻለች። አንዷን “ጓ!” ያመጣት ያን ሁሉ መንገድ በእግር ካስኬደን በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ ካወራሁት በኋላ፣ “ለመሆኑ ያ የእንጨት ቤት የማን ነው?” አልኩት። “ከፊልም ላይ ነው የወሰድኩት” አለ። “አንተን ራስህን ማታ የሚያስፈራህ ምንድን ነው?” ዝም ብሎ ቆየና፣ “መብራት ጠፍቶ በር ሲንኳኳ” አለኝ። “እሱን ሥራው እንግዲህ።”

በሁለተኛው ሳምንት ደወለልኝ፤ ሄድኩ። ከፈተው። የሴት እጅ ሲኒ ያጥባል። መብራት ይጠፋል። ውጪ ውሻ ይጮኻል፤ ከዚያ ውሻው ዝም ይላል። የቆርቆሮው በር ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። በትሕትና የሚናገር የወንድ ድምፅ፣ “ክፈቱ፣ እኛ ነን።” እጁ ሲኒውን እንደያዘ ቀረ። “በቅርብ ቀን።”

ይሄኛው አስፈራኝ። “ጎበዝ!” ልለው ቀና ስል እህቴን አየኋት። የተቆላውን ቡና ልታሸትተን ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ጭሱ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ምጣዱን አስቀመጠችና ወደ ጓሮ ወጣች።

በ1969 እና 70 ዓ.ም. እሷ ስምንት፣ እኔ አሥር ዓመታችን ነበር። ታላቅ ወንድማችንን የወሰዱት ሰዎች በሩን ያንኳኩት እንደዚያ ነው። “ለትንሽ ጥያቄ ነው” አሉ፤ አልተመለሰም። ልጁ ይህን አያውቅም፤ ማን ነግሮት?

እዚህ ላይ የእኔ ምክር ጎደሎ እንደነበር ገባኝ። ሲኒማ የገባ ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ውል ገብቶ ነው። ትሬለር ግን ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ውስጥ “ፒተር ራቢት” የሚባለውን የጥንቸል ፊልም ሊያዩ ለተቀመጡ ሕፃናት በስህተት የ“ሄሬዲታሪ” ትሬለር ተከፍቶባቸው፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ከአዳራሹ ሮጠዋል። እነዚያ ሕፃናት ውል አልገቡም፤ እህቴም አልገባችም። የመጀመሪያው የእንጨት ቤት ከማንም ምንም አልወሰደም፤ ለማንም ምንም አልሰጠም። ሁለተኛው እውነተኛ ፍርሃት ስላገኘ፣ የፍርሃቱንም ባለቤት አገኘ።

እህቴ ተመልሳ ስትቀመጥ ልጁ ፊቱ ተለዋውጦ፣ “እማ፣ ላጥፋው?” አላት። ለአስተማሪውም ቢሆን ያው ነው፤ መስታወት የለ፣ ሻማ የለ፣ “ልማዶቹ ይጎድሉታል” ብሎ ማርክ ይቀንስብኛል ብሎ ሰግቷል።

እሷ ጀበናውን ጣደችና፣ “አታጥፋው” አለች። “ብቻ መጨረሻው ላይ ያቺን ‘ጓ’ እንዳትጨምርበት። እነሱ ሲመጡ ምንም አልጮኹም።”